ሮማይስጥ በእናቴ አፍ

ጡረታ የወጣ ሰው መዋያ አያጣም። ከእኔ ጋር በአንድ ወር ከሥራ ከተሰናበቱት ባልደረቦቼ አንዱ ዶሮ ያረባል፣ አንዱ የዕድር ጸሐፊ ሆኗል፣ ሦስተኛው የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስና ሲመልስ ይውላል። እኔ ቋንቋ እሠራለሁ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ መዝገበ ቃላት የማዘጋጅ ይመስለውና በአክብሮት ያየኛል። «የለም፤ ማንም ተናግሮት የማያውቅ፣ ወደፊትም የሚናገረው የማይኖር ቋንቋ ነው» ስለው ግን አክብሮቱ ወደ ሐዘኔታ ይለወጣል። ባለቤቴ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት «እሱማ ይጽፋል» ብላ ነው የምታልፈው።

ነገሩ የእብደት እንዳልሆነ ለማሳየት ከቅርብ ልጀምር። ፒያሳ ሄዳችሁ (ከ2016ቱ ፈረሳ የተረፈውን ፒያሳ ማለቴ ነው) አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ቁጭ በሉ። ሮማውያን ሰፊውን መንገድ፣ ገላጣውን ሜዳ «ፕላቴያ» ይሉት ነበር። ጣልያኖች ይህንኑ ቃል ፒያሳ አሉት፤ እኛም ከእነሱ ተቀብለን የሠፈር ስም አደረግነው። እድፍ ወይም ነጠብጣብ ደግሞ በላቲን «ማኩላ» ነው። መሐሉ ላይ ያለችውን «ኡ» የሰው አፍ ዋጣትና «ማክላ» ቀረ፤ ከዚያ ጣልያን ሲደርስ «ማኪያ» ሆነ። ማኪያቶ ማለት እንግዲህ በወተት ያደፈ ቡና ማለት ነው፤ የእኛን አገሩን እንኳ በቡና ያደፈ ወተት ብንለው ይቀላል። አሁን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ፕላ ፒያ ሆነ፤ ክላ ኪያ ሆነ። ከእነዚህ ተነባቢዎች ጀርባ የቆመች «ል» በጣልያኖች አፍ «ይ» ሆናለች። ቁልፍ «ክላቬም» ነበር፣ «ኪያቬ» ሆነ። አበባ «ፍሎሬም» ነበር፣ «ፊዮሬ» ሆነ። ለጥ ያለ ነገር «ፕላኑስ» ነበር፤ «ፒያኖ» ሆነ። ከዚህ ሕግ ያመለጠ ቃል ካገኛችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የተማረ ሰው ከመጽሐፍ ያመጣው ቃል ነው።

ይህን ያዘዘ ንጉሥ የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ል የሚባለውን ይ በሉት» ብሎ ነጋሪት ያስጎሰመ የለም። እናት ለልጇ ከራሷ እናት የሰማችውን ቋንቋ የምታስተላልፍ ነበር የሚመስላት፤ ልጁም እንዲሁ። ታዲያ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ አባቶቻችን ሮማይስጥ የሚሉት ያ አንድ ቋንቋ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓንኛ፣ ፖርቱጋልኛና ሩማንኛ ሆኖ ተገኘ። ሌሊት «ኖክቴም» ነበር። ጣልያን «ኖቴ» ሲል ስፔን «ኖቼ» አለ፤ ፖርቱጋል «ኖይቴ»፣ ሩማንያ «ኖዋፕቴ»፣ ፈረንሳይ «ንዊ»። ይህን የሰማ ሰው ወተትን ሳይነግሩት ያውቃል። «ላክቴም» ነበርና በየሀገሩ ላቴ፣ ሌቼ፣ ሌይቴ፣ ላፕቴ ይሆናል። ሩማንያ የምታገኘውን «ክት» ሁሉ «ፕት» ታደርጋለች፤ ስምንት ቁጥርንም «ኦክቶ» ብላ ተቀብላ «ኦፕት» አድርጋታለች። እ.ኤ.አ. በ1878 ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ ኦስቶፍና ብሩግማን የተባሉ ሁለት ወጣት ምሁራን የድምፅ ሕግ ለማንም ቃል አያዳላም ብለው ሲጽፉ አንጋፋዎቹ ተቆጡ። ቋንቋን የሚያህል ነገር እንደ ወፍጮ ያለ ርኅራኄ ይፈጫል መባሉ ከበዳቸው።

ወፍጮው ግን እውነትም ርኅራኄ የለውም። ፈረንሳይን ተመልከቱ። መቶ የሚለው ቃል፣ ደም የሚለው ቃል፣ «ያለ» የሚለው መስተዋድድ፣ ደግሞም «ይሸተዋል፣ ይሰማዋል» የሚለው ግስ በላቲን እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ነበሩ። ሕጉ አንዱን ከኋላ፣ ሌላውን ከመሐል እየሸረፈ አራቱንም አንድ «ሳን» አደረጋቸው። በጽሕፈት ነው እንጂ በጆሮ አይለዩም። እንዲህ አይሁን ብሎ የተከላከለላቸው የለም።

እኔን ይህ ነገር የለከፈኝ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ አረጋዊ ቄስ ለጥቂቶቻችን ላቲን ያስተምሩን ነበር። አባ እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ መቶን «ቼንቱም» እያሉ ነበር የሚያነቡት። ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ፣ ከመጽሐፍ ላይ አፍንጫውን የማያነሣ ልጅ፣ ጥንት በሮማውያን ዘመን «ኬንቱም» ይባል እንደነበረ አንብቦ መጣና እጁን አወጣ። አባ አልተቆጡም። «እናንተ ቄሣር አይደል የምትሉት?» አሉን። «አዎ አባ» አልን። «እኛ ጣልያኖች ቼዛሬ፣ ፈረንሳዮች ሴዛር እንላለን። ሰውየው ተነሥቶ ቢመጣ፣ ሲጠሩት ዞር የሚለው ለእናንተ ነው።» ቃሉ ወደ እኛ በግሪክ በኩል ዞሮ ስለመጣ ነው የመጀመሪያ ድምፁን ያልጣለው። ያን ዕለት ኩራት ይሁን ምን እንጃ፣ ብቻ ሁለታችንም ራት ሳንበላ አመሸን።

ያን ሳምንት ጓደኛዬ አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣ። «ሮማውያን እዚህ ቀርተው ቢሆንስ ኖሮ?» አለኝ። ታሪኩን ካነሣን ላቲን እኛ ዘንድ ዝር አላለም። አዱሊስ ከሮም ግዛት ጋር ስትነግድ መግባቢያው ግሪክ ነበር፤ የአክሱም ነገሥታት በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቻቸው ላይ ያስቀረጹትም በግሪክ ነው። እኛ ግን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነበርንና ታሪክ አላገደንም። አንድ ሺህ የሮም ጭፍራ ከአዱሊስ ሽቅብ አውጥተን፣ ሸዋ ደጋ ላይ አስፍረን፣ የሀገሬውን ሴቶች ድረንላቸው፣ ልጆቻቸው ላቲኑን በሸዋ አፍ እንዲናገሩት ፈረድንባቸው። (ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳወቅሁት በዚህ ሥራ ብቻችንን አይደለንም። አንድሩ ስሚዝ የተባለ ኒውዚላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ላቲን ብሪታንያ ውስጥ ሥር ሰድዶ የዌልስን ቋንቋ የድምፅ ለውጥ ቢከተል ምን ይመስል እንደነበር አስቦ «ብሪቴኒግ» የተባለ ቋንቋ ፈጥሯል። ያን ቫን ስቴንበርገን የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ደግሞ በ2002 ላቲንን በፖላንድኛ ወፍጮ አስፈጭቶ «ወነዲክ» ያለውን አውጥቷል። ይህን ሳነብ እብዶች ማኅበር እንዳለን ቆጥሬ ደስ አለኝ።)

የሸዋ አፍ ግን ማለት ምን ማለት ነው? ሕጎቹ ከየት ይምጡ? ከእናቴ አመጣኋቸው።

እናቴ ከመንዝ በወጣትነቷ አዲስ አበባ የገባች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። ከገበያ ስትመለስ «ኸገበያ መጣሁ» ትላለች። ፖሊስ «ቦሊስ»፣ ፖስታ «ቦስታ»፣ ቫዝሊን «ባዝሊን» ነው። ማታ ማታ ከእርሷ አፍ እየለቀምኩ ጠዋት ለጓደኛዬ አቀብለው ነበር፤ እርሱም በማስመሪያ እያሰመረ «ሕግ 1፣ ሕግ 2» እያለ ይጽፋል። ፕ እና ቭ ብ ይሆናሉ። ክ በአናባቢ ፊት ይላላና ኽ፣ ኋላም ህ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው የእናቴ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ሁሉ የቆየ ዝንባሌ ነው፤ ግእዙ «ኮነ» ሲል እኛ «ሆነ»፣ ግእዙ «ኵሉ» ሲል እኛ «ሁሉ» ብለናል። (ሊቃውንቱ አማርኛ የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ አይደለም፣ የዘመድ ልጅ ነው ይላሉ። ቢሆንም ጥንታዊውን ድምፅ ለማየት ከግእዝ የተሻለ መስኮት የለንም።) የሚገርመው፣ የፍሎሬንስ ሰዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ቤቱ ለማለት «ላ ካሳ» በማለት ፈንታ «ላ ሃሳ» ይላሉ። መንዝና ፍሎሬንስ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል።

ከሁሉ የጣፈጠን ግን የላንቃው ሕግ ነው። ይህን ሕግ ማንኛችሁም ሳታስቡት በየደቂቃው ትሠሩበታላችሁ። ወንዱን «ክፈት» ስትሉ ሴቷን «ክፈቺ» ትላላችሁ፤ ወንዱን «ውሰድ»፣ ሴቷን «ውሰጂ»። የወሰደ ወሳጅ፣ የለመነ ለማኝ፣ የነገሠ ነጋሽ፣ የገደለ ገዳይ ነው። «ኢ» ወይም «ይ» የነካው ድምፅ ወደ ላንቃ ይሸሻል፤ ት ች፣ ድ ጅ፣ ን ኝ፣ ስ ሽ፣ ል ይ ይሆናል። የግእዙ «እድ» የእኛ «እጅ» ነው። የግእዙ «ቤትኪ» የእኛ «ቤትሽ» ነው፤ ኪ ሽ ሆኗል ማለት ነው። አሁን ይህን ይዛችሁ ሮም ግቡ። የወይን ተክል ቦታ «ቪኔያ» ነበር፤ ጣልያን «ቪኛ» አለ። ለመነ ለማኝ እንደሆነው ማለት ነው። ቀን «ዲዩርኑም» ነበር፤ በጣልያን «ጆርኖ»፣ በፈረንሳይ «ዡር» ሆነ። ቦንጆርኖና ቦንዡር የምትሉት ይህንኑ ነው፤ ወሰደ ወሳጅ። ሴት ልጅ «ፊሊያ» ነበረች፤ ፈረንሳይ «ፊይ» አላት። ገደለ ገዳይ። አንድ ሕግ፣ ሁለት አህጉር፣ የሚያገናኛቸው የሰው ምላስና ላንቃ ብቻ።

ስለዚህ ቋንቋችን ሳንደክም ከራሱ ይወለድ ጀመር። ሌሊት ኖች፣ ወተት ላች፣ ፈረስ («ካባሉስ» የነበረው) ኸባል፣ ሰማይ («ካይሉም» የነበረው) ሼል፣ መቶ ሼንት ሆነ። ፕላቴያ «ብላቻ» ሆነች፤ የጭፍሮቹ ዘሮች ቢኖሩ ኖሮ ዛሬ «ብላቻ እንገናኝ» ይባባሉ ነበር። የወይኑ ቦታ «ቢኛ» ሆነና ኮራን። ኋላ ስናጣራ ስፔኖች ቀድመውን ልክ እንደዚያው ብለውት ኖሯል። ጓደኛዬ «አሚኩስ» የሚለውን፣ ወዳጅ የሚለውን ቃል በጣም ይወደው ነበር። በሕጉ ሳስኬደው «አሚህ» ወጣ። «ይህችን አንዷን እንማራት» ብሎ ለመነኝ። አልማርኩም። ሕግ ሕግ ነው አልኩት።

አንድ ነገር ግን አልተስማማንበትም፤ ወር ሙሉ አከራከረን። የላቲኑ ት በሸዋ አፍ ተ ይሁን ወይስ ጠ? እርሱ ጠ ነው አለ። ጣልያን የምንለውን፣ ጴጥሮስ የምንለውን፣ ጠረጴዛ የምንለውን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። የባሕር ማዶው ት በእኛ ጆሮ ጠ ነው የሚመስለው አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን እንቢ አልኩ፤ ምክንያቴንም አልነገርኩትም። በዚያን ጊዜ ጠ ለእኔ የሚያሳፍር ፊደል ነበር።

እናቴ ጸን አትልም። ጸሎት «ጠሎት» ነው፣ ጾም «ጦም»፣ ጸበል «ጠበል»፣ ጸጉር «ጠጉር»፣ ፀሐይ «ጣይ»፣ ጻፈ «ጣፈ»። በልጅነቴ እኔም እንዲያው ነበር የምል። ትምህርት ቤት ገብቼ የጎንደርና የጎጃም ልጆች፣ የደብተራ ልጆች ሲስቁብኝ ጊዜ በአንድ ክረምት አረምኩት። አርሜም አልቀረሁ፤ እናቴን ማረም ጀመርኩ። «እማዬ፣ ጸሎት እንጂ ጠሎት አይባልም።» «እማዬ፣ ጣይ ምንድን ነው? ፀሐይ በይ እንጂ።» እርሷም «እሺ የኔ ልጅ፣ አንተ የተማርከው» ትለኝና ቃሉን ቀስ ብላ፣ በጥርሷ ይዛ፣ ትደግመዋለች። እናቴ ከንፈሯን እንደዚያ ስታደርግ ያየሁት ክር በመርፌ ስታስገባ ብቻ ነበር። ማታ ከአፏ የለቀምኩት ደብተሩ ላይ ሕግ ሆኖ ይሰፍራል፤ ገበታ ላይ ግን ያው አፍ ስህተት ነበር። ሁለቱ እንደሚጋጩ አልታየኝም።

በ1965 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት አንድ አስተማሪያችንንና ሦስት የክፍል ጓደኞቼን ቤት ጠራሁ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ሰንብታለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና፣ በዚያ በመርፌ ክር በምታስገባበት አፏ፣ «ጸላ ልቅዳላችሁ?» አለች።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ የሚጠጣው ጠላ የትም ጠላ ነው፤ ጎንደሬውም ጠላ ነው የሚለው። እናቴ ግን ጠ ባለች ቁጥር ስትታረም ኖራለች። የትኛው ጠ ጸ እንደነበረ፣ የትኛው ከጥንቱም ጠ እንደሆነ የሚነግራት የለም። ስለዚህ ለእንግዳ ክብር ብላ፣ ልጇን ላለማሳፈር ብላ፣ ሁሉንም አቀናችው።

ከልጆቹ አንዱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስተማሪው አልሳቁም፤ ብርጭቋቸውን ዘርግተው «ይቅዱልኝ እናቴ» አሉ። እርሷ ቀዳች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ቀን በኋላ እስከሞተችበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት፣ እናቴ እኔ ባለሁበት ጠላን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ከሱ ልጨምርልህ?» ነበር የምትለው። እኔም ከሱ ጨምሪልኝ እል ነበር።

ጓደኛዬ በ1970 ዓ.ም. ከሀገር ወጣ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ። ስንት ጠሎት ጸሎት፣ ስንት ጠሐይ ፀሐይ እንዳደረግሁ የቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ይመስክር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ አሁንም አላፍርበትም። ጽሑፍ ሥርዓት ይፈልጋል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የላቲንን ነገር እንደገና ሳነብ አንድ የሙያ ባልደረባ አገኘሁ። ስሙ አይታወቅም። ፕሮቡስ በተባለ ሰዋስወኛ ስም ከሚጠራ ሥራ ጋር አብሮ የተገለበጠ፣ «የፕሮቡስ አባሪ» የሚባል ዝርዝር ትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ700 አካባቢ የተጻፈው ብራና ከቦቢዮ ገዳም ወጥቶ ኔፕልስ ይገኛል። በዝርዝሩ ውስጥ 227 እርማቶች አሉ። አጻጻፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲህ በል፣ እንዲህ አትበል። መስታወትን ስፔኩሉም በል፣ ስፔክሉም አትበል ይላል። ሙቁን ካሊዳ በል፣ ካልዳ አትበል። ጆሮን አውሪስ በል፣ ኦሪክላ አትበል። ሰውየው ትክክል ነበር፤ ደግሞም ተሸነፈ። የጣልያን መስታወት «ስፔኪዮ» የመጣው ካወገዘው ከስፔክሉም ነው። ጣልያን «ካልዳ» ይላል። «ኦሬኪያ» የሚለው ጆሮ ካወገዘው ከኦሪክላ ነው የወጣው። ማኪያቷችን ውስጥ ያለችው የተዋጠች ኡ እንኳ እርሱ ይከላከለው የነበረው ዓይነት ስህተት ናት። አንድ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ተቀምጦ ያረመው ስህተት አብዛኛው ቋንቋ ሆኖ ቀረ። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደዚያ አድርጌ ይሆን እያልኩ እየሳቅሁ ነበር የማነበው።

ከዚያ መሐል ላይ አንድ ቃል አቆመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሮም ሕዝብ ከስ ፊት ያለችውን ን ከጥንትም አይላትም ነበር። ገበታን «ሜንሳ» ብለው ቢጽፉም በአፋቸው «ሜሳ» ነበር፤ ስፔኖች እስከ ዛሬ ሜሳ ይላሉ። አራሚያችንም ሜንሳ በል፣ ሜሳ አትበል ይላል። እስከዚህ ደኅና። ቆንጆ ማለት ደግሞ «ፎርሞሱስ» ነው፤ ን የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ሰውየው ግን እዚህ ላይ ፎርሞሱስ በል፣ ፎርሙንሱስ አትበል ብሎ ያርማል። እንግዲህ ፎርሙንሱስ የሚል ሰው ነበረ ማለት ነው። ለምን? ምላስ አይደለም እንደዚያ ያሰኘው፤ የትኛውም የድምፅ ሕግ ያን ን አያመጣትም። ያ ሰው፣ ወይም ያቺ ሴት፣ ን ጣልሽ እየተባለች የታረመች ናት። ሜንሳ በይ፣ ስፖንሳ በይ ተብላለች። ታዲያ አንድ ቀን ሰው ፊት ላለማፈር፣ ላላት ቃልም ለሌላትም ቃል ን ጨመረች። ከዚያ አራሚው መጣና ያንንም አረመባት።

መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። «ጸላ ልቅዳላችሁ?»

በዚያው ሰሞን ነው ሌላውንም ያየሁት፤ ሃምሳ ዓመት በአፌ ውስጥ ይዤው የዞርኩትን። «መጣ» እላለሁ። ግእዙ «መጽአ» ነው። «ወጣ» እላለሁ። ግእዙ «ወፅአ» ነው። ነጋ ጠባ እላለሁ፤ የግእዙ ጠባ «ጸብሐ» ነው። ሰውን ጠላ የሚለው ግስ ራሱ «ጸልአ» ነበር። ጎንደሬውም፣ ጎጃሜውም፣ የሳቀብኝ የደብተራ ልጅም «መጻ፣ ወጻ» ብለው አያውቁም። ጸን ጠ የሚያደርገው ሕግ የሁላችንም ነበር። እናቴ ከእኛ የተለየችው ሕጉን ሳታዳላ ለሁሉም ቃል በማድረሷ ነው። ኦስቶፍና ብሩግማን ቢያገኟት ኖሮ የሚፈልጉት ሰው እርሷ ነበረች። እኔ ግን በአሚህ ላይ ያልራራሁት ሕግ አክባሪ፣ ቤቴ ውስጥ ሕጉን ስትፈጽም ያገኘኋትን ሴት አሳቀቅሁ።

ጓደኛዬ ልክ እንደነበረ አሁን አምናለሁ፤ የባሕር ማዶው ት ጠ መሆን ነበረበት። ይህን ካደረግሁ ግን ኖች ኖጭ፣ ላች ላጭ ሊሆን ነው፣ ሃምሳ ገጽ መደለዝ ሊኖርብኝ ነው። ዕድሜዬም አይፈቅድ። እንዳለ ተውኩት።

ባለፈው ክረምት መጠጥ የሚለው ክፍል ደረስኩ። ሮማውያን ከጎል ሕዝቦች የተቀበሉት የጠላ ዓይነት ስም ነበራቸው፤ «ኬርቬሲያ»። የስፔኖች ቢራ «ሴርቤሳ» ከእርሱ ነው የመጣው። በእናቴ ሕጎች አስኬድኩት። ኬ ሼ ይሆናል። ቬ ቤ ይሆናል። ሲያ ሻ ይሆናል። «ሼርቤሻ» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ቃል ነው፤ ሕጉን የጠበቀ፣ ለአፍም የሚመች።

ከዚያ ቃሉን ደግሜ አየሁት። ሁለት ሽ አለው። የመጀመሪያው ከኬ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከሲ። ከሸዋው ደጋ ጭፍሮች ዘር አንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ጥንቱን ላቲን ተምሮ ቢመለስ እናቱን ምን እንደሚላት አውቃለሁ። «እማዬ፣ ኬ በይ እንጂ ሼ አይባልም።» የትኛው ሽ ከየት እንደመጣ አይነግራትም፤ እርሱም አያውቀውም።

ብዕሩን አነሣሁና ከሼርቤሻ ሥር ሌላ ቃል ጨመርኩ። «ኬርቤኪያ»። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉ መቼና የት እንደሚነገር የሚጠቁሙባት ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ላይ፦ «እንግዳ ሲኖር»።